በእሳት የታተመ ሥዕል፦ የአውሮፓ ባለ ኤናሜል ጽዋዎች ከመሳፍንት ማዕድ እስከ ገበሬ ቤት

በመካከለኛው አውሮፓ ቤተ መዘክሮች ውስጥ፣ አረንጓዴነት ያለው ወፍራም ብርጭቆ ንስርና ጋሻ፣ ወይም አበባና ወፍ፣ ወይም ባርኔጣውን የደፋ ገበሬ ከነሚስቱ ተሥሎበት ያየ ጐብኚ፣ ዕቃው ከመጀመሪያው አንሥቶ የባላገር ጌጥ ሆኖ የኖረ ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ይህ ጽዋ ወደ ገበሬው ማዕድ ከመድረሱ አስቀድሞ በሶርያ አሚሮች፣ በቬኒስ ባለጠጎችና በጀርመን መሳፍንት እጅ ያለፈ፣ በየደረጃውም የላይኞቹ ሲሰለቹት የታችኞቹ እየተቀበሉና የራሳቸውን እየጨመሩ ያቈዩት ዕቃ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ጥበቡን በአጭሩ ማወቅ ይገባል። ኤናሜል የሚባለው ቀለም ራሱ ብርጭቆ ነው። እርሳስ የበዛበትና ቶሎ የሚቀልጥ ብርጭቆ ከልዩ ልዩ ማዕድናት ጋር ቀልጦ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደ ዱቄት ይፈጫል፤ ኮባልት ሰማያዊውን፣ መዳብ አረንጓዴውን፣ ቆርቆሮ ነጩን፣ ብረት ቀዩን፣ ማንጋኒዝ ሐምራዊውን ይሰጣሉ። ዱቄቱ በዘይት ወይም በሙጫ ተለውሶ በብሩሽ ይቀባና ዕቃው ዳግመኛ ወደ እሳት ይገባል። ጭንቁ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ቀለሙ ሲቀልጥ ጽዋው መቅለጥ የለበትምና፣ እሳቱ ጥቂት ቢያንስ ቀለሙ ሳይያዝ ቀርቶ ቈይቶ ይረግፋል፣ ጥቂት ቢበዛ ደግሞ ጽዋው ጐብጦ የብዙ ሰዓት ድካም ከንቱ ይሆናል። በልኩ የተተኰሰ ሥዕል ግን ከዕቃው ጋር አንድ አካል ስለሚሆን፣ ጣት ሲያልፍበት ከፍ ብሎ ይዳሰሳል፤ ውኃም አያጥበውም።

ከደማስቆ እስከ ሙራኖ፦ ከ1200 እስከ 1500

ይህን ጥበብ ሮማውያን በመጀመሪያው ምእተ ዓመት ያውቁት ነበር። ወደ ከፍተኛ ማዕርግ ያደረሱት ግን በ13ኛውና በ14ኛው ምእተ ዓመት የነበሩት የሶርያና የግብፅ ጠበብት ናቸው፤ ለመስጊዶች መብራት፣ ለአሚሮችም ጽዋ እየሠሩ ወርቅንና ኅብረ ቀለምን በአንድነት አዋሐዱ። ከሥራቸውም ጥቂቱ በነጋዴዎችና ወደ ቅድስት አገር በወረዱ መንገደኞች እጅ አውሮፓ ገባ። በሰሜን እንግሊዝ የመስግሬቭ ቤተሰብ «የኤደንሆል ዕድል» ብሎ ለብዙ ትውልድ የጠበቀው ጽዋ ከእነዚህ አንዱ ነው። ጽዋው የተሰበረ ዕለት የቤቱ ሀብትና ክብር አብሮ ይጠፋል ተብሎ ይታመን ነበር፤ የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ኤደንሆል የተባለው ትልቁ ቤት በ20ኛው ምእተ ዓመት ሲፈርስ፣ ጽዋው ጫፉ እንኳ ሳይሸረፍ በለንደን በቪክቶርያና አልበርት ቤተ መዘክር ይገኛል።

ቬኒስ ከምሥራቅ ጋር በምታደርገው ንግድ ጥበቡን ቀድማ ተማረች። በ1291 የእሳት አደጋን በመፍራት የብርጭቆ እቶኖች ሁሉ ከከተማይቱ ወጥተው በሙራኖ ደሴት እንዲሆኑ ታዘዘ፤ በ1330 ገደማም መምህር አልድሬቫንዲን ሠራኝ የሚል የላቲን ጽሑፍ በአፉ ዙሪያ ያለበት፣ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው ጽዋ ተሣለ። በዚያ ጽዋ ላይ ያሉት ጋሻዎች የደቡብ ጀርመን መኳንንት አርማዎች መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል፤ የኋላው ታሪክ ሁሉ በዚህ አስቀድሞ ተጠቍሟልና። በ1401 ቲሙር ደማስቆን ድል አድርጎ ባለ ጥበቦቿን ወደ ሳማርካንድ ባጋዘ ጊዜ የሶርያ እቶኖች ተዳከሙ፤ ቬኒስም ያለ ተቀናቃኝ ቀረች። በ15ኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ አንጄሎ ባሮቪየር የተባለው የሙራኖ ባለ ጥበብ እንደ ውኃ የጠራ ብርጭቆ ማውጣት በቻለ ጊዜ፣ ሥዕሉ የሚያርፍበት ገጽ ጠራለት፤ የሙሽራና የሙሽሪት መልክ የተሣለባቸው የሠርግ ጽዋዎችም በዚያ ዘመን ወጡ።

ነገር ግን ባለጠጋ የሚወደውን ነገር ፈጥኖ ይሰለቻል። የ16ኛው ምእተ ዓመት የመጀመሪያ ዓመታት ሳያልቁ ቬኒሳውያን ከቀለም ይልቅ የብርጭቆውን ቅጥነትና ቅርጽ ማድነቅ ጀመሩ። ኤናሜልን አሁንም አጥብቀው የሚፈልጉት ከአልፕስ ተራሮች ወዲያ ያሉት የጀርመን ጌቶች ሆኑ፤ የቤታቸውን አርማ በወረቀት እያሣሉ ወደ ሙራኖ ይልኩ ነበር።

በጫካው መካከል፦ ከ1550 እስከ 1618

ይህን ያህል ገንዘብ ወደ ቬኒስ ከሚፈስ ለምን በአገራችን አይሠራም የሚል አሳብ መነሣቱ አልቀረም፤ ለዚህም ቦሔሚያና ሳክሶኒ፣ ሲሌዝያና ባቫርያ የሚጐድላቸው አልነበረም። በተራሮቻቸው ላይ ማለቂያ የሌለው ጫካ አለ፤ ዛፉ ለእቶኑ ማገዶ፣ አመዱ ደግሞ አሸዋውን ለማቅለጥ የሚያስፈልገው ፖታሽ ይሆናል። በኤርትስገቢርገ ተራራም ብር ፈላጊዎች ጉድጓድ ሲቈፍሩ ኮባልት አገኙ፤ ይህም ማዕድን ለብር ፈላጊው መርገም፣ ለሠዓሊው ግን በረከት ሆነ። የጫካው ባለቤት የሆነው መስፍን ከእንጨቱ ሌላ ገቢ የሚያገኝበት መንገድ አልነበረውምና፣ ብርጭቆ አንጣሪዎችን ራሱ እየጠራ ያሰፍር ነበር። ሹረር፣ ፕሮይስለር የሚባሉት ቤተሰቦች ሙያውን ከአባት ወደ ልጅ እያወረሱ፣ ጫካው በተመነጠረ ቍጥር እቶናቸውን እያፈለሱ ተራራውን ለተራራው ተጓዙ።

የዘመኑ ምስክር ዮሐንስ ማቴዚየስ ነው። ይህ የሉተራን ሰባኪ በዮአኪምስታል የማዕድን ከተማ ይኖር የነበረ ሲሆን፣ በ1562 ባሳተመው የስብከት መጽሐፍ ውስጥ ለማዕድን ቈፋሪ ምእመናኑ አንድ ስብከት ስለ ብርጭቆ አሠራር ሰጥቷል፤ በዚያም ሥዕልና አርማ በብርጭቆ ላይ እየተቀባ በእሳት እንደሚታተም ይናገራል። የወንጌል ሰባኪ ከዐውደ ምሕረት ላይ ሆኖ የእቶንን ሥራ ይህን ያህል በጥንቃቄ መተርጐሙ የዚያ ሕዝብ ኑሮና ሃይማኖት እንዴት የተሳሰሩ እንደነበሩ ያሳያል።

የሙራኖው ጽዋ ቀጭንና ለወይን ጠጅ የተበጀ ነበር፤ ጀርመኖች ግን የሚጠጡት ቢራ ነበረና ሁምፐን የሚባለውን ቀጥ ያለ፣ እንደ በርሜል የሰፋ፣ በሁለት እጅ የሚነሣ ጽዋ ሠሩ። ከሁሉም የታወቀው የንስሩ ሁምፐን ነው። በላዩ የቅድስት ሮማዊት መንግሥት ባለ ሁለት ራስ ንስር ክንፉን ከዳር እስከ ዳር ዘርግቶ ይታያል፤ በክንፉ ላባዎች ላይ 56 የጋሻ አርማዎች በቅደም ተከተል ተሰድረዋል፤ ከላይ የመራጮቹ መሳፍንት፣ ከዚያ በታች መሳፍንቱ፣ መኳንንቱ፣ ባላባቶቹና ከተሞቹ አራት አራት እየሆኑ ይወርዳሉ፤ ገበሬዎችን እንወክላለን የሚሉ አራት ከተሞችም በመጨረሻው ረድፍ አልተዘነጉም። በንስሩ ደረት ላይ ስቅለተ ክርስቶስ አለ፤ በአንዳንዶቹ ጀርባ ደግሞ ሙሴ በምድረ በዳ የሰቀለው የናስ እባብ ይገኛል። አሳቡ የተቀዳው በ1510 ገደማ ሃንስ ቡርክማየር የተባለው የአውግስቡርግ ሠዓሊ በእንጨት ቀርጾ ካተመው ሥዕል ነው፤ ዓመተ ምሕረት ከተጻፈባቸው መካከል እጅግ ቀዳሚው የ1571 ጽዋ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። መንግሥቲቱ በእርግጥ በሃይማኖት ተከፍላ፣ መሳፍንቷም እርስ በርስ እየተጠባበቁ በነበረበት ዘመን፣ በጽዋው ላይ ግን ሁሉም በአንድ ንስር ክንፍ ሥር በሰላም ተሰድረዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ጽዋው የተወደደው በዚህ ምክንያት ነው።

የማኅበርና የቤተሰብ ጽዋ፦ ከ1618 እስከ 1680

የሠላሳው ዓመት ጦርነት ጀርመንን አድቅቆ በ1648 ሲፈጸም፣ የሰላሙ መታሰቢያም በኤናሜል ተሣለ፤ ንጉሠ ነገሥቱና የፈረንሳይና የስዊድን ነገሥታት እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚታዩባቸው ጽዋዎች ከዚያው ዓመት በኋላ ተሠርተዋል። ዋናው ለውጥ ግን ይህ አይደለም። የጽዋው ባለቤትነት በዚህ ዘመን ከመሳፍንቱ ወደ ከተማው የእጅ ባለሙያ ወረደ። ዳቦ ጋጋሪው፣ አንጥረኛው፣ በርሜል ሠሪው፣ ሸክላ ሠሪው በየሙያ ማኅበሩ የራሱን ሁምፐን አሠራ። አዲስ አባል ሲገባ ወይም እንግዳ ሲመጣ ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ የእኛን የጽዋ ማኅበር የሚያውቅ አንባቢ የነገሩን ሥርዐት ብዙ ሳይገለጽለት ይረዳዋል። በብርጭቆው ላይ የሙያው መሣሪያ ይሣላል፤ ከሥሩም የአባላቱ ስም ይጻፋል።

ቤተሰብም እንዲሁ አደረገ። በአንድ ወገን አባት ከነወንዶች ልጆቹ፣ በሌላው ወገን እናት ከነሴቶች ልጆቿ እንደ ቁመታቸው ተሰልፈው የሚታዩባቸው ጽዋዎች ብዙ ናቸው። በፕራግ የሚገኘው የ1680ው የፕሮይስለር ቤተሰብ ሁምፐን የብርጭቆ አንጣሪዎቹን የገዛ እቶን ያሳያል፤ ሠዓሊዎቹ ለሌላው አርማ ሲሥሉ ከኖሩ በኋላ በመጨረሻ የራሳቸውን ሥራ እንደ አርማ ማቆማቸው ነው።

ቀልድም ቦታ ነበረው። ጥንቸሎች አዳኙን አስረው ሲጠብሱት፣ ቀበሮ ለዝይዎች ሲሰብክ የተሣለባቸው አሉ። ፓስግላስ የሚባለው ረጅም ጽዋ ደግሞ በቀለበቶች የተከፋፈለ ነው፤ ጠጪው በአንድ ትንፋሽ ልክ እስከሚቀጥለው ቀለበት ድረስ መጠጣት ነበረበት፤ ካሳለፈ ወይም ካጐደለ ወደሚቀጥለው ይቀጥላል፤ ሕጉን የደነገገው ሰው የጠጪውን መስከር የፈለገ ይመስላል።

ከዘመኑ ሥራዎች ሁሉ ለእኔ ልብ የቀረበው በፊኽተልገቢርገ ተራሮች የተሠራው የኦክሰንኮፕፍ ጽዋ ነው። ተራራው በደን ተሸፍኖ፣ በላዩ የበሬ ራስ፣ በዙሪያው ትልቅ ሰንሰለትና ቍልፍ ይታያል፤ ከሥሩም ማይን፣ ናብ፣ ዛለና ኤገር የተባሉት አራት ወንዞች ወደ አራቱ ማዕዘን ይፈሳሉ። ኦሪት ዘፍጥረትን ላነበበ ሰው ከአንድ ቦታ የሚወጡ አራት ወንዞች ምን እንደሚያሳስቡ መንገር አያስፈልግም። ቍልፉ ደግሞ በተራራው ሆድ ተሰውሯል ተብሎ የሚታመነውን ሀብት ያመለክታል፤ በዚህ ጽዋ ላይ የሚከበረው ንጉሥ ወይም መስፍን ሳይሆን የሠሪዎቹ የገዛ አገር ነው።

ኤናሜል ከቤተ መንግሥት ሲወጣ፦ ከ1680 እስከ 1720

የሚቀጥለው ዘመን አጭር ቢሆንም ቍርጥ ነው። በፕራግ ቤተ መንግሥት ካስፓር ሌማን በ1609 ብርጭቆን በሚሽከረከር መንኰራኵር የመቅረጽ ብቸኛ መብት አግኝቶ ነበር። ነገር ግን ቅርጹ እንዲያምር ወፍራምና የጠራ ብርጭቆ ያስፈልጋል፤ ይህም በ17ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ በቦሔሚያ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ መኳንንቱ ቀለም የተቀባውን ጽዋ እንደ ጊዜው ያለፈ ልብስ ቈጠሩት፤ ከ1710 ጀምሮ ደግሞ የማይሰን ሸክላ የቀለሙን አምሮት ወደ ራሱ ወሰደ። ኤናሜልን በከፍተኛው ደረጃ ያቈዩት በየቤታቸው የሚሠሩ ጥቂት ሠዓሊዎች ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱም አስቀድሞ በኑረምበርግ የነበረውና በ1670 ያረፈው ዮሐን ሻፐር በጥቍር ቀለም የሚሥላቸው ጥቃቅን መልክዐ ምድሮች እንደ መዳብ ኅትመት የረቀቁ ናቸው።

በዚሁ ጊዜ የቦሔሚያ ብርጭቆ በሰው ጀርባና በጋሪ ዓለምን ዞረ። ጌኦርግ ፍራንትስ ክራይቢሽ የተባለው የሽታይንሼናው ሰው ዕቃውን በአንድ ጐማ ጋሪ እየገፋ ጀምሮ፣ በዕድሜው 30 ያህል ጉዞዎች አድርጎ እስከ ለንደንና ሞስኮ ደርሷል፤ የጉዞውንም ታሪክ ራሱ ጽፎ ተወልን። እንዲህ ያሉት ነጋዴዎች የሄዱበት መንገድ በኋላ ለገበሬው ብርጭቆ መንገድ ሆነ።

የገበሬው ጠርሙስ፦ ከ1720 እስከ 1850

መኳንንቱ የጣሉትን ገበሬው አነሣው፤ ሲያነሣውም እንዳለ አልተቀበለውም። ሁምፐኑ ጠፍቶ በምትኩ አራት ማዕዘን ያለው፣ ጠርዞቹ የተቈረጡ፣ አፉ በእርሳስና ቆርቆሮ ቅይጥ ቀለበት ተይዞ በሚጠመዘዝ ክዳን የሚዘጋ ትንሽ የአረቄ ጠርሙስ መጣ፤ ከእርሱም ጋር አነስተኛ ብርጭቆዎችና እጀታ ያላቸው ኩባያዎች። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አረቄ በየመንደሩ መውጣት ስለ ጀመረ የሚጠጣበት ዕቃ ማነስ ነበረበት፤ ትንሽ ዕቃ ደግሞ ዋጋው ትንሽ ነው።

አንዱን ጠርሙስ ቀረብ ብለን እንመልከት። በፊት ገጹ አንዲት ልጃገረድ ሰማያዊ ቀሚስና ነጭ ሽርጥ ለብሳ በአንድ እጅዋ ጽዋ፣ በሌላው አበባ ይዛለች፤ ፊቷ አንድ የነጭ ቀለም ጠብታ ሲሆን፣ ዓይኖቿና አፏ በሦስት ቀጫጭን ነጥቦች ተጠናቀዋል። በጀርባው የጤና ምኞት ወይም ስለ ፍቅር የሚናገር አጭር ቃል፣ እንደ መንደሩ አነጋገር ተጽፎ ይገኛል። በጐንና በጐኑ ደግሞ ሁልጊዜ የማይቀሩት የነጭ ነጠብጣብ አበቦች አሉ። ሠዓሊው ንድፍ አላወጣም፤ እጁ የለመደውን ብሩሹን በአንድ ጊዜ አሳርፎ ቅጠሉን፣ በአንድ ጊዜ አንሥቶ አበባውን ጨረሰ። በቀን ብዙ ካልሠራ እንጀራ አያገኝምና ፍጥነቱ ግድ ነበር፤ የሥዕሉም ውበት የተገኘው ከዚሁ ፍጥነት ነው። የንስሩ ሁምፐን ሠዓሊ 56ቱን ጋሻ ሲቀዳ የሰጠው ትዕግሥት ያስደንቃል፤ ይህች ባለ ሦስት ነጥብ ልጃገረድ ግን የበለጠ ሕያው ናት።

የሥዕሉ ዐይነት በሕይወት አጋጣሚ ልክ ነበር። ለሙሽሮች ልብና ጥንድ ርግብ፣ ለሥጋ ሻጭ በሬ፣ ለዳቦ ጋጋሪ የተጠማዘዘ ዳቦ፤ በካቶሊኮቹ አገር እመቤታችን፣ ከእሳት አደጋ ይጠብቃል የሚባለው ቅዱስ ፍሎሪያን፣ በ1729 ማዕርገ ቅድስና የተሰጠው የቦሔሚያው ዮሐንስ ዘኔፖሙክም ይሣሉ ነበር። ጽሕፈት የማያውቅ ሰው እንኳ ጠርሙሱን አይቶ የማን እንደሆነ ያውቃል።

ሠሪዎቹም ከአገር ወደ አገር ተሰደዱ። በ1723 ከጥቍሩ ደን የመጡ የዚግቫርት ወንድማማቾች በስዊስ በሉሰርን አውራጃ በፍሉህሊ ሸለቆ እቶን አቆሙ፤ የፍሉህሊ ብርጭቆ እየተባለ የሚጠራው ሥራም እስከ 19ኛው ምእተ ዓመት ድረስ ዘለቀ። ከኰሎኝ አካባቢ የተወለደው ሃይንሪኽ ቪልሄልም ሽቲገል ደግሞ በ1750 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በፔንሲልቫኒያ በማንሃይም ከተማ ትልቅ የብርጭቆ ፋብሪካ ቢከፍትም፣ በ1774 በዕዳ ወደቀ። ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ከተገኙት ባለ ቀለም ጠርሙሶች የትኞቹ የእርሱ ሥራ፣ የትኞቹ ከቦሔሚያ የመጡ እንደሆኑ ለመለየት ሰብሳቢዎች እስከ ዛሬ ይቸገራሉ። በእንግሊዝ በኒውካስል ደግሞ ዊሊያም ቤይልቢና እኅቱ ሜሪ ከ1760ዎቹ ጀምሮ በነጭ ኤናሜል የወይን ሐረግና አርማ ይሥሉ ነበር፤ እነርሱ ግን ለባለጠጋ እንጂ ለገበሬ አልሠሩም።

በዚህ ዘመን መጨረሻ ነገሩ ዳግመኛ ወደ ላይ ወጣ። በቪየና አንቶን ኰትጋሰር ከ1810ዎቹ ጀምሮ ብርሃን በሚያሳልፍ ቀለም የከተማይቱን አብያተ ክርስቲያናትና አደባባዮች በትናንሽ ጽዋዎች ላይ እየሣለ፣ ለጐብኚዎችና ለፍቅረኞች ይሸጥ ነበር። ሥራው የረቀቀ ነው፤ ነገር ግን ለመጠጥ ሳይሆን በቍም ሣጥን ለመቀመጥ የተሠራ ነው።

የናፍቆትና የማስመሰል ዘመን፦ ከ1850 እስከ 1914

የገበሬውን ጠርሙስ የገደለው ፋብሪካ ነው። በቅርጽ ማውጫ ተጨምቆ የሚወጣው ርካሽ ብርጭቆ በባቡር ተጭኖ ከየመንደሩ በደረሰ ጊዜ፣ በእጅ የሚሥል ሰው ሊወዳደረው አልቻለም። ልክ በዚህ ጊዜ፣ እንደ ተለመደው፣ የከተማው ሰው የጠፋውን ይናፍቅ ጀመር። ጀርመን በ1871 አንድ መንግሥት ስትሆን የጥንቱ ንስርና የጥንቱ ሁምፐን የአገር ክብር ምልክት ሆኑ፤ በሲሌዝያ በፔተርስዶርፍ በ1866 የተቋቋመው የፍሪትስ ሄከርት ፋብሪካና መሰሎቹ የ16ኛውን ምእተ ዓመት ጽዋዎች እየቀዱ፣ ብርጭቆውን ሆን ብለው አረንጓዴ እያደረጉ፣ የጥንቱን ዓመተ ምሕረት እንኳ ሳይቀር ጻፉበት። አብዛኞቹ ለማታለል አልተሠሩም፤ የሠሪው ምልክት ከሥራቸው አለ። ምልክቱ ተፍቆ ወይም ቀድሞውኑ ሳይጻፍ የቀረባቸው ግን ብዙ ሰብሳቢ አታልለዋል።

ከዚህ ጐን ለጐን መልካም ሥራም ተጀመረ። በ1856 በሽታይንሼናው የብርጭቆ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1870 በጐረቤቷ በሃይዳ ሌላ ተከተለ። ቀድሞ ከአባት ወደ ልጅ በምሥጢር ይተላለፍ የነበረው የቀለም አቀማመም በመምህርና በመጽሐፍ መሰጠት ጀመረ።

ከ1945 ወዲህ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመንኛ ተናጋሪው የቦሔሚያ ሕዝብ ከአገሩ ተባረረ። ብርጭቆ ሠሪዎቹም የቻሉትን ያህል ሙያቸውን ይዘው ወጡ፤ በ1948 በምዕራብ ጀርመን በራይንባኽ ከተማ የተከፈተው የብርጭቆ ትምህርት ቤት የእነዚህ ስደተኞች ሥራ ነው። ካሜኒትስኪ ሸኖቭና ኖቪ ቦር የሚል ስም የያዙት የጥንቶቹ ሽታይንሼናውና ሃይዳም በቼኮች እጅ ብርጭቆ መሥራታቸውን አላቋረጡም፤ ስለዚህ በአንድ ጫካ የተወለደው ጥበብ በሁለት አገር ቀጠለ። በታኅሣሥ 2023 ቼክያ፣ ጀርመን፣ ፈረንሳይ፣ ስፔን፣ ሀንጋሪና ፊንላንድ በአንድነት ባቀረቡት መሠረት፣ በእጅ ብርጭቆ የመሥራት ዕውቀት በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል።

በአውሮፓ ከተሞች የሚኖርና በየአሮጌ ዕቃ ገበያው የሚዞር አንባቢ ካለ፣ እነዚህ ጽዋዎች ዛሬም ይገጥሙታል። ከገጠሙትም በሥዕሉ አጠገብ የተጻፈውን ዓመት አይመን፤ ዕቃውን ገልብጦ መቀመጫውን ይመልከት። የእውነተኛው ጥንታዊ ጽዋ መቀመጫ በብዙ ዘመን መፋተግ ባልተስተካከለ ሁኔታ የተጫረ ነው፤ ከመካከሉም አንጣሪው ከዘንጉ የሰበረበት ሸካራ ጠባሳ አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል። ሁለቱም ከሌሉ ዕቃው ከ1870 በኋላ የተሠራ ሊሆን ይችላልና፣ ለባለሙያ ሳያሳይ የጥንት ዋጋ አይክፈልበት።